ወተት ትሸጥልናለች

የልጅ ልጄ ቤዛ አውሮፕላን ማረፊያ ልትቀጠር ነው። ፈተናውን አልፋለች፣ የጤና ምርመራውን ጨርሳለች፣ የቀራት የማጣሪያ ፎርም መሙላት ብቻ ነው። ፎርም ስል ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ የዛሬው ፎርም ስልክ ውስጥ ነው ያለው። ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ የድሬ ፀሐይ ሰውን ሁሉ ቤት ቤቱ ባስገባችበት ሰዓት፣ በረንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ዘይቱን እየገመጠች ትሞላለች። የመሀል አገር ሰው ዘይቶና የሚለውን ነው እኛ ዘይቱን የምንለው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ።

"እማማ፣ ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ አለን?" አለችኝ ቀና ሳትል።

እጄ ምስሩ ላይ ቆመ።

"ምነው ፈዘዝሽ? የለም ልበልና ልለፈው?"

"ቆይ አቦ!" አልኳት ሳላስበው ጮክ ብዬ። "እሱን ተዪውና ሌላውን ሙዪ። በኋላ እነግርሻለሁ።"

ትከሻዋን ሰብቃ ወደሚቀጥለው ሄደች። እሷ ምን አለባት? አሁን እኮ የሚታዘንለት ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ነው። እኔ ግን ያችን ጥያቄ በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ በደርግ ጊዜ፣ በሰማያዊ ቀለም አንዴ መልሻታለሁ። መልሴ አንዲት ቃል ነበረች። ያቺ ቃል ያመጣችውን ለልጆቼም አውርቼ አላውቅም። አሁን እንግዲህ ዕድሜዬም ሄዷል፣ የምፈራውም ሰው አልቋል።

እናቴ እኔን ወልዳ በአራስነቷ ነው የሞተችው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ የሳምንቱን ግማሽ የሚያሳልፈው ሐዲድ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጨቅላ ታቅፎ ምን ይሁን? ግቢያችን ውስጥ ሐዋ የምትባል ሶማሌ ጎረቤት ነበረችን፤ ባሏ የሞተባት፣ ልጇን ጃማን ከወለደች ገና ወር ያልሞላት። አባቴ እንደነገረኝ እናቴ በተቀበረች ማግስት ሐዋ ማንንም ሳታማክር ገባች፣ እኔን ከነመጠቅለያዬ ብድግ አድርጋ ይዛኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አንዱ ጡቷ የጃማ፣ አንዱ የእኔ ሆነ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ።

ስለዚህ አፌን የፈታሁት በሶማሊኛ ነው። እሷን "ሆዮ" ነው የምላት፤ እናት ማለት ነው። ጃማ እኔን "ወላል" ይለኛል፣ እኔም እሱን "ወላል" እለዋለሁ፤ በሶማሊኛ ወንድምም እህትም በዚያችው ቃል ነው የሚጠሩት። በነሱ ሃይማኖት አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ናቸው፣ መጋባት እንኳ ክልክል ነው። አባቴ በበኩሉ ክርስትና አስነሥቶኛል፣ ጾሙንም ያስጾመኝ ነበር። ሆዮ ይህን ታከብር ነበር፤ በጾም ቀን ወተት ስነካ እጄን በጥፊ የምትለኝ እሷ እንጂ የንስሐ አባታችን አልነበሩም።

ኑሮዋ የግመል ወተት ነበር። ጠዋት ጠዋት ከገጠር፣ ከጀልዴሳ፣ ሴቶች ወተቱን ጭነው፣ አሸዋማውን የዴቻቱን ወንዝ ተሻግረው ይመጣሉ፤ ሆዮ ተቀብላ ግቢያችን በር ላይ ትቸረችራለች። የወተት ዕቃው በእንጨት ጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ዞር ብዬ አያለሁ።

ጃማ ከሶማሌ ጦርነት በፊት ጅቡቲ ወርዶ ወደብ ላይ ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ጅቡቲን ውጭ አገር ብለን አስበናት አናውቅም ነበር። ባቡር አለ፣ ሰው ለሠርግ ይወርዳል፣ ለልቅሶ ይመጣል፣ ሽቶና ሽርጥ ይዞ ይመለሳል። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ ከተማችን ላይ መድፍ ጮኸ። ጦርነቱ ሲያልፍ ግን ጅቡቲ የምር ውጭ አገር ሆና ቀረች። ከወዲያ ማዶ የሚመጣ የሶማሌ ጎረምሳ ሰላይ ነህ ተብሎ ስለሚያዝ ጃማ እዚያው ቀረ። ሆዮ ለምዳው የነበረው ልጇ ወደ ደብዳቤና አልፎ አልፎ ወደሚመጣ ስልክ ተለወጠ። ደብዳቤውን የማነብላት እኔ ነበርኩ።

ያኔ ስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበርኩ። የዛሬ ልጆች አያውቁትም፤ የሚደውል ሰው በመጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነው፣ እኛ የገመዱን ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ሰክተን ከሚፈልገው ሰው ጋር እናገናኘዋለን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ አቀላጥፍ ስለነበር አለቆቼ ይወዱኝ ነበር። ምነው ባልወደዱኝ!

ከትልቁ አዳራሽ ጀርባ አንድ ክፍል ነበር፤ ልዩ ክፍል እንለዋለን። የሁርሶ ጦር ማሠልጠኛም፣ የሌሎቹ ጦር ሰፈሮችም መስመር የሚያልፈው በዚያ ነው። ከጦርነቱ በኋላ የጅቡቲም መስመር ወደዚያ ተዛወረ። መስኮቱ በዚያ ሙቀት አይከፈትም። እዚያ የምትገባ ኦፕሬተር በመጀመሪያ ትጣራለች፤ ዘመዶቿ፣ ጓደኞቿ፣ ያደገችበት ሰፈር ሁሉ ይጠየቃል።

ከእኔ በፊት እዚያ የምትሠራው ገነት የምትባል ሳቂታ ልጅ ነበረች። እጮኛዋ ሱዳን ገብቶ ኖሮ ፎርሙ ላይ ሳትጽፈው ቀርታለች። አንድ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዎች መጥተው "ለአምስት ደቂቃ እንፈልግሻለን" አሏት። ሥራ ላይ እግሯን እንዳይከብዳት የምታደርገው ነጠላ ጫማ ወንበሯ ሥር እንደተቀመጠ ቀረ። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት ወር አለፈ። የት ደረሰች ብሎ የጠየቀ የለም፣ ጫማውንም ያነሣ የለም። የጽዳት ሠራተኛዋ እንኳ ዙሪያውን ነበር የምትጠርገው።

ሰኔ ላይ አለቃችን ጠርቶ "ተመርጠሻል" አለኝና አራት ገጽ ፎርም ሰጠኝ። አልፈልግም ማለት አይቻልም ነበር ወይ እንዳትሉኝ። አልፈልግም ያለ ሰው ለምን አልፈለገም ተብሎ ይጣራል።

ጥያቄዋ ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበረች። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ካለ ስሙንና ዝምድናውን ይግለጹ ትላለች። ፎርሙን ይዤ ወደ አባቴ ሄድኩ። ከመንገድ ገብቶ እግሩን በሳፋ ይታጠባል።

"እናትሽ ካንቺ ሌላ የወለደችው አለ?" አለኝ።

"የለም።"

"እኔስ?"

"የለም።"

"እንግዲያው የለም ብለሽ ጻፊ።"

"ጃማስ?"

አባቴ በእርጥብ እግሩ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። በሰኔ፣ ድሬዳዋ ውስጥ፣ በቀን በር የሚዘጋ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

"ወይንሸት" አለኝ። ሙሉ ስሜን የሚጠራው ሲፈራ ነው። "ጃማን ብትጽፊ አንቺን ከሥራ ያባርሩሻል። ያ ይሁን። ሐዋን ግን ልጅሽ ማን ጋ ነው፣ ምን ይልክልሻል፣ ምን ትልኪለታለሽ እያሉ መፈናፈኛ ያሳጧታል። ለሷም ስትዪ የለም በዪ።"

የለም ብዬ ጻፍኩ። ለሷ ብዬ ነው አልኩ። በዚያ ላይ አንድ ትልቅ ስህተት ሠራን፤ ትፈራለች ብለን ለሆዮ ሳንነግራት ቀረን።

በዚያው ሰሞን አባቴ ስለ ትዳሬ ከአንድ የሥራ ባልደረባው ጋር ጉዳይ ጀምሮ ነበር፤ ልጁን እኔ አላየሁትም። ሆዮ ይህን ከሰማች ወዲህ ዓይኗ መንገድ ላይ ነው የሚውለው። እንግዲህ እዩት፤ አንድ ቀን ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ትሕትና ያለው፣ ከመሀል አገር የመጣ ሰው በራችን ላይ ቆሞ የወይንሸትን ቤተሰብ የሚያውቅ አለ ወይ ይላል። አባቷ ማነው፣ ትውልዷ ከየት ነው፣ ጠባይዋስ፣ ወንድም አላት ወይ፣ ዘመዶቿ የት የት ናቸው። በኛ አገር ሰው ቤት መጥቶ ስለ አንዲት ልጅ እንዲህ የሚጠይቅ ማነው? የሙሽራው ወገን ነዋ!

ማታ ከሥራ ስመለስ ሆዮ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ከመጋላ ገበያ ሐልዋ የሚባለውን ጣፋጭ አስገዝታለች፤ ሰላም ሳልላት ጣል አድርጋ አጎረሰችኝ።

"ወይኒ! መጡልሽ!"

"ማን መጣ?"

"የባልሽ ሰዎች ናቸዋ! ወላሂ ጨዋ ሰው፤ ሻዬን በወተት ሁለቴ ጠጣ። የጠየቀኝን ሁሉ ነገርኩት። እናት የላትም እንዳትሉ፣ እኔ ነኝ ያጠባኋት አልኩት። ብቻዋን ናት እንዳትሉ፣ ወንድሟ ጅቡቲ ነው አልኩት። የወደቡ አለቃ እሱ ነው፣ የፈረንሳይ መኮንኖች ሳያማክሩት አይውሉም አልኩት። ምን ላድርግ፣ ትንሽ ጨመርኩበት!" ብላ ሳቀች። "ፎቶውንም ሰጠሁት፣ ለቤተሰቡ ላሳያቸው ሲለኝ።"

ሐልዋው አፌ ውስጥ ቀረ። ፎቶው ጃማ አንድ ነጭ መኪና ተደግፎ የተነሣው ነው። መኪናው የሱ አይደለም፤ መንገድ ላይ ቆሞ አግኝቶት ነው። ሆዮ ያላት የልጇ ፎቶ እሱ ብቻ ነበር።

"ምነው ፊትሽ? ሰውየው ለራሱ አይደለም እኮ የጠየቀው፣ እሱማ ሸምግሏል" አለችኝ።

ያኔ መንገር ነበረብኝ። ግን እንዲያ ደስ ብሏት ሳያት አፌ አልታዘዘልኝም። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ገብቼ ተኛሁ። በማግስቱ ሥራ ገብቼ ወንበሬን ሳላሞቅ ተጠራሁ።

የጠሩኝ ቤት ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ዛፎቹ ጥላ ካጠሉበት መንገድ ላይ ካሉት አሮጌ ቪላዎች አንዱ ነው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሰውዬ ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጦ ዘይቱን በቢላ ይልጣል። ዘይቱን ልጦ የሚበላ ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት። ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ክር እየረዘመ ይወርዳል። ከፊቱ ፎርሜና የጃማ ፎቶ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"ቁጭ በዪ። ጽሕፈትሽ ያምራል" አለኝ። "እስቲ ሦስተኛው ገጽ ላይ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።"

"የለም ነው የሚለው ጓድ።"

ፎቶውን በቢላው ጀርባ ወደ እኔ ገፋው። "ይሄስ?"

"የጎረቤት ልጅ ነው።"

"እናቱ ወንድምሽ ነው ብላኛለች።"

"እኔን ስላጠባችኝ ነው ጓድ። እንዲያው የአፍ ልማድ ነው እንጂ ዘመድ አይባልም።"

ቢላውን አስቀመጠ። ከሁሉ ያስፈራኝ ፈገግታው ነው።

"አየሽ፣ የከተማ ልጅ ቢሆን ይሄን ይቀበልሽ ነበር። እኔ ግን የጎጃም ገጠር ልጅ ነኝ። ወላጅ አባቴ ሲሞት የጡት አባት ተሰጠኝ። በኛ አገር የጡት ልጅ የሚሆን ሰው ማር የተቀባ የአሳዳጊውን አውራ ጣት ይጠባል። እኔ የጠባሁት ጣት ነው፤ ያን ሰውዬ ግን አባቴ አይደለም ብዬ አላውቅም። አንቺ የጠባሽው እውነተኛ ጡት ነው። እና ዘመድ አይባልም ትይኛለሽ?"

ዓይኔን ወደ ፎርሙ መለስኩ።

"ነገሩ አጭር ነው" አለ። "ወይ አንቺ ለመንግሥት ዋሽተሻል፣ ወይ ሴትዮዋ ለመንግሥት ሰው ዋሽታለች። አንቺ ከሆንሽ ገነት የሄደችበትን ታውቂያለሽ። እሷ ከሆነች ግን አሮጊት ናት፣ ተግሣጽ ይበቃታል።" ከዚያ ወደ በሩ ጮክ ብሎ "አስገቧት!" አለ።

ሆዮ ገባች። የዒድ ልብሷን ለብሳለች። ሽቶዋ ከሷ ቀድሞ ገባ። እጇን እስከ ጣቷ ጫፍ ሂና ተቀብታለች። ለካ ሰው ልከው ሲጠሯት የእጮኝነቱ ጉዳይ መስሏት ኖሯል። እኔን ስታይ ፊቷ በራ፤ ሙሽራዋም ተጠርታለች ማለት ነው።

"ይቺ ሴት ምንሽ ናት?" አለኝ ሰውየው።

ዓይኗን ማየት አልቻልኩም። ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ልጣጭ አየሁ። የገነት ጫማ በዓይኔ መጣ።

"ጎረቤታችን ናት" አልኩ። "ወተት ትሸጥልናለች።"

ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። የኦፕሬተር ድምፅ ነበር።

የሆዮ ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ የት እንደሚሄድ የቸገረው ይመስል ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። እኔን አየች፣ የልጇን ፎቶ አየች፣ ፎርሙን አየች። ማንበብ አትችልም፤ ግን ሞኝ አልነበረችም።

"እውነቷን ነው" አለች። "ወተት እሸጥላቸዋለሁ።"

"አጥብቻታለሁ አላልሽኝም?"

"ዋሸሁህ።"

"ለምን?"

"ልጅቷን ልታጭ የመጣህ መስሎኝ። እናት የላትም። ሰው ያላት ትምሰል ብዬ ነው።"

ሰውየው ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው። ከዚያ ወረቀት ስቦ ጻፈና ጮክ ብሎ አነበበላት፤ ወይንሸት የተባለችውን አላጠባኋትም፣ ልጄ አይደለችም፣ ልጄ ጃማም ወንድሟ አይደለም ይላል። ሆዮ እያንዳንዱን ነገር ሲያነብ ራሷን ትነቀንቃለች። መፈረም ስለማትችል አውራ ጣቷን ይዞ ቀለም አስነከረው። ሂናው ከቀለሙ ሥር ጠፋ። ወረቀቱ ላይ ከጫነው በኋላ ጣቷን ወዲያው አልለቀቀም። ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቅ።

ተግሣጽ ያለው ቀበሌ ውስጥ ስምንት ቀን መታሰር ሆነ። እኔን "ሂጂ ሥራሽን ሥሪ" አለኝ።

አሁን የምነግራችሁ ከዚያች ቃሌ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝን ነው። በዚያ ጊዜ ለታሰረ ሰው ስንቅ የሚያቀብለው ዘመዱ ነው። በሩ ላይ ጥበቃው ደብተር ይዞ ይቀመጣል፤ ስም፣ አድራሻ፣ ዝምድና ይመዘግባል። በሁለተኛው ቀን ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠርቼ፣ ሰሐኑን በጨርቅ አስሬ ሄድኩ። ከመንገዱ ማዶ፣ ከአንድ ግድግዳ ጥላ ሥር ቆምኩ። ደብተሩን አየሁት፤ በላስቲክ የተጠቀለለ እስክርቢቶ በክር ታስሮበታል። ቆሜ ቆሜ፣ ጥላው አልፎኝ ፀሐይ ላይ ስቀር፣ ሰሐኔን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ ሰሐኑን አየ፣ እኔን አየ። ያን ምግብ ማናችንም ሳንቀምሰው ተበላሸ።

ሆዮን ስምንቱን ቀን ያበላቻት አንዲት የጀልዴሳ ኦሮሞ ወተት አምጪ ናት፤ ፋጡማ ትባላለች። ዝምድናሽ ምንድነው ሲሏት "እህቷ ነኝ" አለች። እህቷ አልነበረችም፤ ወተት የምታስረክባት ሴት ነበረች። እንግዲህ ያቺ ሴት ከጀልዴሳ በእግሯ እየመጣች እህት ሆነች። እኔ በሆዮ ጀርባ ላይ ሁለት ዓመት የኖርኩት፣ መንገድ መሻገር አቃተኝ።

ሆዮ በዘጠነኛው ቀን ወጣች። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ የዒድ ልብሷ ቆሽሿል። ከቤት ሮጬ ወጥቼ "ሆዮ!" አልኳት። ቆመች። የግቢውን መስኮቶች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ደህና ነዎት ወይ፣ ወይዘሪት ወይንሸት?" አለችኝ።

ድሬዳዋን የማያውቅ ሰው ይህ ምኑ ነው ሊል ይችላል። ድሬ እርስዎ የሚባል ነገር አታውቅም። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌም አንተ ነው፣ ሹሙም አንተ ነው፤ ሆዮ ያን መርማሪ እንኳ አንተ ብላዋለች። በሕይወቷ እርስዎ ያለችው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ተቀይማኝ ነው ብዬ ብዙ ቀን አለቀስኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ። በጣቷ የፈረመችውን ቃል ለእኔ ብላ መጠበቋ ነበር፤ ግድግዳ ጆሮ ባለው በዚያ ዘመን፣ ማንም ቢጠየቅ ሴትዮዋና ልጅቷ ዝምድና አላቸው እንዳይል። ወተቱን ግን አላቋረጠችም። ጠዋት ጠዋት ጣሳው በራችን ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ፤ እሷን አላገኛትም።

እኔ ተጣርቼ አለፍኩ። ልዩ ክፍል ገብቼ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ እግሬ አንድ ነገር ነካ፤ የገነት ጫማ ነው። እኔም አላነሣሁትም።

ከጥቂት ወራት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ የጅቡቲ መስመር ጥሪ መብራት በራ። ከኋላዬ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ተቀምጧል፤ ሁሌም አለ። የጅቡቲዋ ኦፕሬተር ጠሪው ጃማ፣ ተጠሪዋ ሐዋ ብላ ሰፈራችንን ጠራች። እንዲህ የምትባል ሴት በዚህ አድራሻ የለችም አልኳት። መስመሩ ተዘግቷል ብዬ ሳስብ ድምፁ ገባ።

"ወላል? አንቺ ነሽ? ሆዮ ደህና ናት?"

አወቀኝ። እንዴት አያውቀኝ።

"ተሳስተዋል ጌታዬ" አልኩትና ገመዱን ነቀልኩ።

ሌላ ጊዜ ደውሎ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ባለሁበት ግን አልደወለም። ለሆዮም ደውሎ ነበር ብዬ አልነገርኳትም። ባቡር በመጣ ቁጥር ጣቢያ እየሄደች ከጅቡቲ የመጣ ሰው ትጠይቅ ነበር። ደርግ ሳይወድቅ ሞተች። በድኗን ሊያጥቡ የመጡት ሴቶች "ሴት ልጅ የላትም?" ብለው ሲጠይቁ ከሰፈሩ ሰው ጋር በር ላይ ቆሜ ነበር። ፋጡማ አየችኝ። ዝም ስል፣ እጅጌዋን ሰብስባ ራሷ ገባች።

መንግሥት ሲለወጥ ጃማን ለመፈለግ ማን ይከለክለኝ ነበር? አንዳንዱ የመን ተሻግሯል አለኝ፣ አንዳንዱ እዚያው ጅቡቲ ነው አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ አጥብቄ አልፈለግኩትም። ባገኘውስ ምን እለዋለሁ? ሰውን ሁሉ ደርግ እንዲህ አደረገኝ ሲል እሰማለሁ፤ እኔም ብዬዋለሁ። ግን ፋጡማም በዚያው ደርግ ውስጥ ነበረች፣ ያው ደብተር ከፊቷ ተዘርግቶ ነበር።

ይህን ሁሉ ቅዳሜ ዕለት ለቤዛ ነገርኳት። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ዴቻቱ ማዶ ስትደርስ ጨረስኩ። ልጅቷ ዘይቱኗን መብላት ከተወች ቆይታለች።

"እና ምን ልጻፍ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"አለ ብለሽ ጻፊ። ጃማ። የአያቴ ወንድም በዪ።"

"ሥራዬን አያበላሽብኝም?"

"አላውቅም ልጄ። አንቺ ወስኚ።"

ስልኳን ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ጻፈች፤ ስሙን እየጠራች ነው የጻፈችው። ወዲያው ቀና አለች።

"እማማ፣ ስልክ ቁጥር ይላል። ቁጥር ካልገባበት አላሳልፍም አለኝ። አለሽ?"

የለኝም። ያን ሁሉ ዘመን አገሩን ሁሉ ሳገናኝ የኖርኩ ሴትዮ የወንድሜ ቁጥር የለኝም።

"ላጥፋውና የለም ልበል?" አለች፤ ጣቷ ስልኩ ላይ ነው።

"አታጥፊው" አልኳት። "የኔን ቁጥር ጻፊ። ስለ ጃማ የሚጠይቅ ከደወለ አነሣለሁ።"

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኑ ነው። አልደወሉም። ስልኩን ግን ምስር ስለቅምም ከጎኔ አላርቀውም።